ከናዳው በኋላ፦ በደሴና በኮምቦልቻ የሰነበትኩበት ሳምንት

ይህን የምጽፈው ሐዋሳ ላላችሁ ጎረቤቶቼ ነው። ከጉዞ እንደተመለስኩ «ወሎ እንዴት ነው?» ስትሉኝ በር ላይ ቆሜ «ደስ ይላል፣ ይበርዳል» ብዬ አለፍኳችሁ። ነገሩ ግን እንዲህ በአጭሩ የሚያልቅ አይደለም፤ እስቲ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ሥራዬን በደንብ የምታውቁት ብዙ አይደላችሁም። እሳት፣ ጎርፍ ወይም ሌላ ከባድ አደጋ የደረሰበት ማኅበር፣ ትምህርት ቤት ወይም ክሊኒክ እንደገና ለመቋቋም ዕቅድ ሲያወጣ አብሬ ቁጭ እላለሁ። ብርድ ልብስና ስንዴ የሚያድሉት ሰዎች ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ ነው እኔ የምደርሰው።

ወደ ወሎ በሄድኩበት ዓመት ጥሪው የመጣው ከደሴ፣ ሆጤ ከሚባለው ሠፈር ነበር። የሠፈሩ ሰዎች በማኅበር ሆነው ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን የሚያኖሩበት ቤት ነበራቸው። በነሐሴ ዝናብ ከበላዩ ያለው መሬት ተንዶ ግማሹን ቤት አፈር ዋጠው። ቀን ስለነበር የሞተ ሰው የለም። አረጋውያኑን ጎረቤቱ እየተቀባበለ ወደየቤቱ አስገባቸው። ጥቅምት ላይ ደግሞ ኮምቦልቻ የሚኖር አንድ ባለሀብት ባዶ መጋዘኑን ሊሰጣቸው ፈቀደ። ግን የሚሰጠው ሁሉም አረጋውያን ወደዚያ ከሄዱ ብቻ ነው፤ መልሱንም እስከ ቅዳሜ ይፈልጋል። ማኅበሩ በዚህ ጉዳይ ለሁለት ተከፍሎ መነጋገር አቅቶት ነበር።

ሰኞ

ከሐዋሳ ስነሳ ባለቤቴ «ደሴ ብርድ ነው፣ ካፖርትሽን ልበሺ» አለኝ። በዚያ ሙቀት ካፖርት ለብሶ አውቶቡስ መግባት ለሰው መሳቂያ መሆን ነው ብዬ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩት። ዝዋይ ላይ ዓሣ ጥብስ በላሁ፤ የኛን ሐይቅ ዓሣ አያህልም፣ ወይም ለእኔ እንደዚያ መሰለኝ። አዲስ አበባ ያደርኩት አውቶቡስ ተራ አጠገብ ካለ ማረፊያ ነው። ስለ ማረፊያው የማስታውሰው ከግድግዳው ማዶ ያለው ሰውዬ ሲያስነጥስ «ይማርህ» ብዬው «ያኑርሽ» ማለቱን ብቻ ነው።

ማክሰኞ

የወልድያው አውቶቡስ ጎህ ሲቀድ ተነሣ። የኛ አገር መንገድ ሜዳ ለሜዳ ነው፤ ሹፌሩም ተሳፋሪውም እኩል ያንቀላፋሉ። እዚህ ግን ጣርማ በር ላይ በጉም ውስጥ ገብተን ከመኪናው መንገድ ዋሻ ስንወጣ ከእግራችን ሥር መሬት የለም። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ዓይናቸውን ጨፍነው ክንዴን ያዙ፤ ሸዋ ሮቢት እስክንደርስም አልለቀቁኝም። እዚያ ሙቀቱ የሐዋሳን ስለመሰለኝ ደስ ብሎኝ ፓፓያ ገዛሁ፤ ለሴትዮዋም አካፈልኩ።

ኮምቦልቻን አልፈን የሐረጎን ዳገት ስንያያዘው ብርዱ በመስኮቱ ሽንቁር እየገባ ከጉልበቴ ጀመረ። ደሴ መናኸሪያ ስወርድ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር። የመኪናው ረዳት ባለ መስመሩን ሻንጣዬን ከጣሪያ አወረደልኝ፤ አውቶቡሱም ወደ ወልድያ ቀጠለ።

የተቀበሉኝ የማኅበሩ ሊቀ መንበር እትዬ ዘይነባ ናቸው። አያታቸው ከየመን መጥተው ደሴ የቀሩ ነጋዴ ነበሩ፤ እሳቸውም ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የጨርቅ ሱቁን ብቻቸውን ይዘዋል። ቤታቸው ስገባ «አብሽሪ፣ አብሽሪ» እያሉ ከምድጃው አጠገብ አስቀመጡኝ። ካፖርቴን ላውጣ ብዬ ሻንጣውን ብከፍተው በሕፃናት ሹራብ ተሞልቷል። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፤ ትልቁ የሦስት ዓመት ልጅ እንኳ አያለብስም። የኔ ሻንጣ ከነካፖርቴና ከነሥራ ወረቀቶቼ ከሹራቦቹ ነጋዴ ጋር ወልድያ ገብቷል።

እትዬ ዘይነባ መጀመሪያ ደነገጡ፤ ቀጥለው አንዱን ሹራብ አንስተው በደረቴ ላይ ለኩብኝና ሳቃቸው አመለጣቸው። ከዚያ ጓዳ ገብተው የባላቸውን ወፍራም ካፖርት ይዘው መጡ። «ሦስት ዓመት ተሰቅሎ ኖረ» አሉ፣ ኮሌታውን ሲያስተካክሉልኝ። «ሰው ሲለብሰው ሸጋ ነው።»

በዚያው ክፍል ጥግ ባለው አልጋ ላይ አንድ ሽማግሌ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል። መሪጌታ ላቀው ይባላሉ፤ በገጠር ቤተ ክርስቲያን ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው። ናዳው ቤቱን ካፈረሰ ጀምሮ እትዬ ዘይነባ ጋ ናቸው። ለረቡዕና ለዓርብ ጾም ሥጋና ቅቤ ነክቶት የማያውቅ ድስት ተገዝቶላቸዋል፤ በፍስክ ቀን ሥጋው ከክርስቲያን ጎረቤት ተሠርቶ ይመጣላቸዋል። ግን አይበሉም። «ሁለት ጉርሻ፣ አለቀ» አሉኝ እትዬ ዘይነባ በሹክሹክታ። «ምን እንዳጎደልኩባቸው አላውቅም።»

ረቡዕ

ጠዋት ናዳው የወረደበትን አየሁ። ለኛ ከተማ ሰው መሬት ከእግሩ ሥር እንጂ ከራሱ በላይ ሆኖ አያውቅም። እዚህ ግን ቤት በቤት ላይ ነው፤ የአንዱ በረንዳ ከሌላው ጣሪያ እኩል ይሆናል። ከላይ የጦሳ ተራራ አለ። ከአረጋውያኑ ቤት የቀረው አንድ ግድግዳና በር ነው፤ በሩ አሁንም ተቆልፏል።

እትዬ ዘይነባ ዳገቱን እያሳዩኝ ቆሙ። «ያን ቀን ምስር ልሰጣቸው ስመጣ መሬቱ ሲንቀሳቀስ በዓይኔ አየሁት። ጮህኩ። ወላሂ፣ ዳግመኛ እንደዚያ መጮህ አልፈልግም። ለዚህ ነው ኮምቦልቻ ይሂዱ የምለው። እዚያ ሜዳ ነው።»

ቀሪውን ቀን አረጋውያኑን ያስጠጉትን ቤቶች ስንዞር ዋልን። በየቤቱ ስገባ የሚቀርብልኝ አያልቅም። ሐዋሳ እንግዳ «ጠግቤያለሁ» ካለ ይታመናል፤ ሆጤ ግን የሚያምነኝ አላገኘሁም። ፈቲራ፣ የገብስ ቂጣ፣ ሻሂ፣ ደግሞ ሻሂ።

አንድ ልብስ ሰፊና ሚስቱ እማማ ሽታዬ የሚባሉ አሮጊት አስጠግተዋል። ከለመድኩት ጥያቄ ጀመርኩ፦ «እማማ ሽታዬ ወደ ማኅበሩ ቤት መቼ ቢመለሱ ይመቻችኋል?»

የልብስ ሰፊው ሚስት ሐዋ ልጇን እያጠባች ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። «የት ነው የሚመለሱት?»

«አዲሱ ቤት ሲዘጋጅ ማለቴ ነው።»

«ይቺን ልጅ ስወልድ ወገቤን የያዙኝ እሳቸው ናቸው። ስሟንም ያወጡት እሳቸው ናቸው። አሁን መጋዘን ሂዱ ልበላቸው?»

እማማ ሽታዬ ከበሩ አጠገብ ሆነው «እኔን ጠይቂኝ እንጂ» አሉኝ። ጠየቅኳቸው። «እዚህ ሌሊት የሚያለቅስ ሕፃን አለ» አሉ። «ድሮ ቤት የሚያለቅሱት ሽማግሌዎች ነበሩ። ሕፃኑ ይሻለኛል።»

ግን ሁሉም እንደሳቸው አላሉኝም። አንዱ ሽማግሌ ቤተሰቡ ቀን ቀን ሥራ ስለሚሄድ በር ተቆልፎባቸው ይውላሉ፤ የሚያዋራቸው ይፈልጋሉ። ሌላይቱ ያስጠጓቸውን ሰዎች ጓዳ ማጣበባቸው ያሳፍራቸዋል። ወረቀቶቼ ስለሌሉኝ ሰው የሚለውን ዝም ብዬ ከመስማት ሌላ ሥራ አልነበረኝም፤ ጆሮዬ ሞልቶ ወደ እትዬ ዘይነባ ቤት ተመለስኩ።

ማምሻውን መሪጌታ ከጾማቸው በኋላ ሽሮ ቀርቦላቸው ገፉት። አጠገባቸው ተቀምጬ «አባቴ፣ የት ቢኖሩ ይወዳሉ?» አልኳቸው።

«ከማን ጋር?» አሉኝ።

«እርስዎ ከመረጡት ጋር።»

«የመረጥኩትን ቀብራችሁታል።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

እትዬ ዘይነባ በር ላይ ሰምተው ነበር። ጎትተው ወደ ጓዳ ወሰዱኝ። መሪጌታ በማኅበሩ ቤት ለዓመታት አንድ ክፍል የኖሩት ከሐጂ እንድሪስ ጋር ነው። ናዳው የወረደ ቀን እግራቸው በወደቀ እንጨት ሥር የተያዘባቸውን መሪጌታን ጎትተው ያወጡት ሐጂ ናቸው፤ በዚያው ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። የእህታቸው ልጅ ሰዓዳ ወደ ኮምቦልቻ ወስዳ ታስታምማቸዋለች።

«ሐጂ በሕይወት አሉ» አሉ እትዬ ዘይነባ። «በየቀኑ ደህና ናቸው እላቸዋለሁ። በየቀኑ እንደ ውሸታም ያዩኛል።»

አስቡት እንግዲህ። በኛ አገር ሰው ሲሞት ለቅርቡ ሰው ወዲያው አይነገርም፤ እስኪረዳ ድረስ «ደህና ነው፣ ትንሽ አሞት ነው» ይባላል። መሪጌታም ይህንኑ እንደ መርዶ መጠበቂያ ቆጠሩት። አንድ ቀን በሞባይል ሊያገናኟቸው ሞክረው ነበር። ሐጂ ጆሯቸው ከባድ ስለሆነ «ማነው? አልሰማም!» ሲሉ ቆይተው መስመሩ ተቋረጠ። መሪጌታ ስልኩን መልሰው «የሌላ ሰው ድምፅ አሰማችሁኝ» አሉ።

ሐሙስ

መጋዘኑን ለማየት ከእትዬ ዘይነባ ጋር ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ከመነሣታችን በፊት ከመሪጌታ ጋር ቁርስ ቀረብኩ፤ ቂጣውን ባይነኩም ሻሂያቸውን ጠጡ።

ኮምቦልቻ ስወርድ ቤቴ የገባሁ መሰለኝ። ሙቀት፣ ሰፊ መንገድ፣ ብስክሌት። የባላቸውን ካፖርት አውልቄ በክንዴ ያዝኩ። መጋዘኑ ሰፊና ጠንካራ ነው፤ ግን መስኮቶቹ ከሰው ቁመት በላይ ናቸው። ከአልጋ ሆኖ የሚታየው ሰማይ ብቻ ነው። እትዬ ዘይነባ መሐሉ ላይ ቆመው ዙሪያውን ሲያዩ ቆዩ። «አይናድም» አሉ። ድምፃቸው ግን ደስ ያለው ሰው ድምፅ አልነበረም።

ከዚያ ወደ ሰዓዳ ቤት ሄድን። ሐጂ እንድሪስ በትራስ ተደግፈው ተኝተዋል፤ ጢማቸው ነጭ፣ ዓይናቸው ንቁ። እትዬ ዘይነባን ሲያዩ እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። «እሺ፣ ንገሪኝ በቃ! መሪጌታን መቼ ቀበራችሁት?»

እትዬ ዘይነባ አፋቸውን ይዘው ቀሩ። ሰዓዳ ከኋላችን ቆማ «እኔንም እንደዚሁ ነው የሚሉኝ» አለች። «ደህና ናቸው ስላቸው ይስቁብኛል፤ ከዚያ ያለቅሳሉ።»

ወደ ጆሯቸው ተጠግቼ ጮህኩ። «ሐጂ! ዛሬ ጠዋት ከመሪጌታ ጋር ቁርስ ቀርቤያለሁ!»

«ማን ነሽ አንቺ?»

«ከሐዋሳ የመጣሁ እንግዳ ነኝ።»

«እንግዳም ይዋሻል።» ቀጥለው ግን ጠየቁኝ፦ «ሻሂውን እንዴት ጠጣ?»

ጠዋት ገርሞኝ ስለነበር አልረሳሁትም። «ስኳሩን ትተው ጨው ጨመሩበት።»

የሐጂ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሳቁ መሆኑን ያወቅኩት ጥርሳቸውን ሳይ ነው፤ እንባቸው ደግሞ በጢማቸው ላይ ይወርድ ነበር። «አልሐምዱሊላህ! በጨው! ስንት ዓመት ተው አልኩት! ሰዓዳ፣ ጫማዬን አምጪ።»

ጫማው ግን የሚሆን አልነበረም፤ ዳሌያቸው ገና መኪና አይችልም። ስለዚህ መሪጌታን እኛ ልናመጣቸው ተስማማን።

ዓርብ

ሻንጣዬ ከወልድያ ተመለሰ። ነጋዴው ራሱ በመናኸሪያው በኩል አፈላልጎኝ በሹፌር እጅ ልኮልኝ፣ ሹራቦቹንም በዚያው ሹፌር አስመልሶ፣ «ካፖርትሽን ባለቤቴ ለብሳው ነበር፣ ይቅርታ» የሚል መልእክት አክሎልኛል። ደስ አለኝ፤ እኔም የሰው ለብሼ ነው የሰነበትኩት።

መሪጌታን «ሐጂ ዘንድ እንወስድዎታለን» አልናቸው። ብዙ አዩንና ተነሡ። ነጭ ልብሳቸውን ጠየቁ። ነጠላቸውን እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቀው ሲለብሱ እትዬ ዘይነባ «መሪጌታ፣ በአላህ! ሰውየው በሕይወት አለ!» ብለው ለመኗቸው። «እሺ፣ ልጄ» አሉ በትሕትና፤ ነጠላውን ግን አላቃኑትም።

በሚኒባሱ ውስጥ ነጠላቸውን ያየ ሰው ሁሉ ዝም አለ። ሐረጎ ላይ ጎማ ተነፈሰ። ወርደን በጉሙ ውስጥ ስንቆም አንድ ገበሬ ጋቢውን አውልቆ በመሪጌታ ትከሻ ላይ ጣለና «እግዜር ያጽናዎ» አላቸው። «አሜን» አሉ መሪጌታ። እትዬ ዘይነባ ገበሬውን «የሞተ የለም!» ብለው ቢቆጡት እሱም ግራ ገብቶት እኔን አየኝ። ምን ልበለው?

የሰዓዳን በር ስናንኳኳ የከፋ ነገር ገጠመን። የጁምዓ ሶላት አልቆ ጎረቤቶች ለሐጂ ጤንነት ዱዓ ሊያደርጉ ተሰብስበዋል። ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ሰው በዝምታ ተቀምጦ፣ እጅ ወደ ላይ ተዘርግቶ። መሪጌታ ይህን ሲያዩ በትራቸውን ለቀቁ። «ወንድሜን! ወንድሜን!» ብለው በዚያ የዜማ ድምፃቸው አለቀሱ። ሴቶቹም የደረሰውን ሳያውቁ አብረው ማልቀስ ጀመሩ።

ከውስጥ ክፍል አንድ ጎርናና ድምፅ ጮኸ። ለካ ጆሮው የከበደ ሰውም ያን ድምፅ ይሰማል።

«ማነው በቁሜ የሚያለቅስብኝ?»

መሪጌታ ልቅሷቸውን አቋርጠው ወደ ድምፁ ዞሩ።

«ላቀው! አንተ ነህ? ግባ እንጂ፣ በር ላይ ምን ትሠራለህ?»

ደግፈን አስገባናቸው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው የሐጂን ፊት በሁለት እጃቸው ዳበሱ፤ ግንባሩን፣ ጢሙን፣ ጆሮውን። «ከስተሃል» አሉ።

«አንተስ? አጥንት ብቻ ሆነህ መጣህብኝ። ዘይነባ አታበላህም?»

«ታበላኛለች። የማልበላው እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

መሪጌታ ያዘቀዘቁትን ነጠላ ጫፍ ያዙ። ሐጂም እጃቸውን ዘርግተው ነጠላውን አቃኑላቸው። እኛ ሁላችን አንድ በአንድ ወጥተን በሩን ገርበብ አደረግነው። ግቢው ውስጥ እትዬ ዘይነባና ሰዓዳ ተቃቅፈው ቆሙ። ዱዓውም ወደ ምስጋና ተለወጠ።

ማታ ደሴ ስንመለስ መሪጌታ የጾም ወጣቸውን ጨርሰው እንጀራ ይጨመርልኝ አሉ። እትዬ ዘይነባ ሊጨምሩ ጓዳ ገብተው ቶሎ አልወጡም።

ቅዳሜ

ስብሰባው በቀበሌ አዳራሽ ነበር። ወረቀቶቼን አልዘረጋሁም። ሌላ ቦታ ስሠራ መጀመሪያ የምጠይቀው «የፈረሰው ምንድን ነው?» ብዬ ነው። ያን ቀን ግን «ከማን ጋር መኖር ትፈልጋላችሁ?» ብዬ ጀመርኩ፤ አረጋውያኑም ቀድመው ተናገሩ። መሪጌታ ተነሥተው «እኔ ቤት አልጠፋብኝም» አሉ። «ቤትማ ዘይነባ ሰጠችኝ፤ ከልጅ የማገኘውን አገኘሁ። የጠፋብኝ ሰው ነበር። ማንንም እንደዚያ አታቆዩት።»

ከዚያ በኋላ ክርክሩ ረዘመ፤ ግን ሰው ይደማመጥ ነበር። መጋዘኑን ለመተው ተስማሙ። መልሱን ሊሰማ የመጣው ባለሀብት ቅር ብሎት ሄደ፤ ሐሳቡንም አልለወጠም። እትዬ ዘይነባም «ክረምት ሲመጣ ማን ይጮህላቸዋል?» ብለው ሞገቱ። የዕቅዱ ግማሽ የተጻፈው ለዚህ ጥያቄ ነው። አረጋውያኑ ባሉበት ቤተሰብ ይቆያሉ፤ ዳገት ሥር ያለው ቤት ሁሉ ዝናብ ሲበረታ የሚሄድበት ደልዳላ ቦታ ያለ ቤት ከአሁኑ ይመረጥለታል። ቀን ቀን ብቻቸውን የሚውሉትን የሚያሰባስብ አንድ ክፍል ሆጤ ውስጥ ይፈለጋል። ሐዋ ደግሞ አንድ ነገር ይግባልኝ አለች፤ ወደፊት ምንም ቢደርስ አብረው የኖሩ ሰዎች ወዲያው በዓይን ይተያዩ፣ በሰው አፍ ብቻ «ደህና ነው» እየተባሉ አይቆዩ አለች። ይህን የዕቅዱ መጀመሪያ አደረግነው።

መሪጌታ ግን ኮምቦልቻን መረጡ። ሰዓዳ ባሏን አስፈቅዳ ቁም ሳጥኑን ከሐጂ ክፍል ልታወጣና አልጋ ልታስገባ ቃል ገብታለች።

እሑድ

መሪጌታ ከቅዳሴ ሲመለሱ እትዬ ዘይነባ ፍራሹን፣ ጋቢውንና የጾሙን ድስት አዘጋጅተው ጠበቋቸው። አብረን ወረድን። ሰዓዳ ቤት አልጋውን እትዬ ዘይነባ ራሳቸው አነጠፉ፤ ትራሱን ሦስቴ አገላበጡት። ሲጨርሱ መሪጌታ ጎንበስ እንዲሉ ነግረዋቸው እጃቸውን በሻሻቸው ላይ ጫኑ። «እኔ በማውቀው መርቄሻለሁ፣ አንቺ በምታውቂው አሜን በዪ» አሏቸው።

«አሚን» አሉ እትዬ ዘይነባ።

በመንገድ ላይ ጥቂት አለቀሱ። «ቤቱ ሊሰፋብኝ ነው» አሉኝ። እቅፍ አድርጌ ሚኒባስ ላይ አሳፈርኳቸው፤ እኔ እዚያው አድሬ በማግሥቱ የአዲስ አበባውን አውቶቡስ ያዝኩ። ሐዋሳ ስገባ ሐይቁ እንደወትሮው ረግቶ ተኝቷል፤ ከየትም የሚናድ ነገር የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ይህ እንደ ትልቅ ስጦታ ታየኝ።

ከእትዬ ዘይነባ ጋር እስከዛሬ እንደዋወላለን። የቀኑን ክፍል አገኙ፤ ከአንድ ትምህርት ቤት ጀርባ ነው። ቀጥሎ በመጣው ክረምት ዝናቡ ሲበረታ ሦስት ቤተሰብ በጊዜ ወጣ፤ መሬቱ ግን አልተናደም። እሳቸውም በየሳምንቱ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዱ ጀመር።

ሐጂ እንድሪስ ያረፉት በሁለተኛው ዓመት፣ ከሰዓት በኋላ ነው። እትዬ ዘይነባ በስልክ ሲነግሩኝ መጀመሪያ የጠየቅኳቸው «ለመሪጌታ ማን ነገራቸው?» ብዬ ነው።

«ማንም» አሉኝ። «የሐጂን እጅ ይዘው ነበር። እኛን የጠሩን እሳቸው ናቸው።»